ለካናዳ የተላኩ ሽማግሌዎች

«ለምን ይህን ያህል ጊዜ ቆየሽ ቢሉኝ ምን ልበላቸው እማዬ?»

ወርቄ በእጇ የያዘችውን ጎመን አገላብጣ አየችው፤ ልጇን አየቻት፤ ከዚያ «ውኃው ሳይፈላ አይቀርም» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ጓዳ ውስጥ የተጣደ ውኃ አልነበረም። ቆማ ግድግዳውን ስታይ ቆየችና ጎመኑን እንደያዘች ተመለሰች።

«ፈላ?» አለቻት ሰናይት ሳቋን አፍና።

«ዝም በይ አንቺ።»

ነገሩ ግን የሚሳቅበት አልነበረም። ሰናይት ካናዳ፣ ኤድመንተን በምትባል ከተማ የምትኖር፣ እዚያው በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ፣ የቋሚ ነዋሪነት ካርድ ያላት ሴት ናት። ወንድሟ ሲሳይ አረርቲ ላይ ሲያገባ ለአንድ ወር ብላ፣ አንዲት ሻንጣ ይዛ መጣች። ሠርጉ አልፎ ሻንጣዋን ስትዘጋ ወርቄን የሐሞት ጠጠር አጣደፋትና ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተኝታ በቀዶ ሕክምና ታከመች። ወርቄ ድና ስትነሳ መንገድ ተዘጋ። መንገድ ሲከፈት ደግሞ ዘውዴ የሚባል የፋብሪካ መካኒክ የግቢውን የውኃ መሳቢያ ሊያይ መጥቶ ሰናይትን ሲያይ ዋለ። መሳቢያው እስኪሠራ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ወርቄ ዛሬም ድረስ መሳቢያው የመጀመሪያው ቀን እንደተሠራ ታምናለች። ከዚያ ሠርግ ሆነ፤ ከዚያ ፋሲካ ተወለደች። ፋሲካ ጥርስ አወጣች፣ ቆመች፣ ሮጠች፤ አሁን «አያቴ ዋሽታለች፣ ውኃ የለም» እስከማለት ደርሳለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታቱ አለፉ።

«ካርዱ ገና አልሞተም» ብላ ነበር ሰናይት ነገሩን ለእናቷ ያስረዳቻት። «እኔ ግን ከተፈቀደው በላይ ውጭ ቆይቻለሁ። አውሮፕላን ላይ መሳፈር እችላለሁ። እዚያ ስደርስ ግን መግቢያው ላይ ያለው ሰው ይጠይቀኛል። መልሴ ካላጠገበው ነዋሪነቴን ሊያነሳብኝ ይችላል።»

«ከተነሳስ?»

«ከተነሳማ ዘውዴንና ፋሲካን የምወስድበት መንገድ አብሮ ይዘጋል።»

ወርቄ «እንግዲያው ቅሪ» ለማለት አፏ ድረስ መጥቶላት ነበር። ግን ልጇ ስለዚያ መጦሪያ ስታወራ ፊቷን ታውቀዋለች። ከሰው እጅ ሻይ አልጠጣም የሚሉ፣ ከሰናይት እጅ ብቻ የሚጠጡ አንዲት ባልቴት አሉ። ሰናይት እንደ ራሷ አክስት ታነሳቸዋለች። «አሁን ማን እያጠጣቸው ይሆን?» ትላለች ልብስ እያሰጣች። ልጅቷ ሥራዋን ትወዳለች፤ ባሏንና ልጇን ይዛ እዚያ መኖር ትፈልጋለች። ወርቄም ይህንን አውቃ እንዴት ቅሪ ትላለች?

ስለዚህ መጨነቅ ጀመረች። መጨነቅ ደግሞ ትችልበታለች። ድስት ላይ ክዳን ስትገጥም «ለምን ቆየሽ?» የሚል ድምፅ ትሰማለች። ስትጸልይ፣ ቅዱስ ሚካኤል ራሱ ዩኒፎርም ለብሶ፣ የልጇን ፓስፖርት እያገላበጠ የሚጠይቃት ይመስላታል።

ከሰዓት በኋላ ወርቄ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ የጎልማሶች ትምህርት አላት። የጀመረችው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ የተጻፈውን ማንበብ ስላልቻለች አንድ ሙሉ ጠዋት የማይመለከታት ክፍል በር ላይ ተራ ስትጠብቅ ዋለችና ተናደደች። በሕፃናት አግዳሚ ላይ ከጎረቤቷ ከባዩሽ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ባዩሽ ቤት አከራይ ናት፤ ወሬ ከሰማች እስከ ነገ አታሳድርም።

«ምን ሆነሻል ዛሬ?» አለቻት ባዩሽ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ። «መምህሯ ሦስት መስመር ሄዳለች፤ አንቺ አንድ ፊደል ላይ ተተክለሽ ቀርተሻል።»

«ሰናይትን እንዳይመልሱብኝ ፈርቼ ነው።»

«ምን አድርጋ?»

«ቆይታ ነዋ! ቆይታ! ያቆየኋት ደግሞ እኔ ነኝ። እኔ ታመምኩ፣ እኔ 'ፋሲካ ትጠንክር' አልኩ፣ እኔ 'ክረምቱ ይውጣ' አልኩ። ያቆየ ሰው ነው ይቅርታ የሚጠይቀው፤ እሷ ምን አድርጋ?»

«እትዬ ወርቄ፣ እትዬ ባዩሽ» አለች መምህሯ ትርሲት ከሰሌዳው ሳትዞር። «ለይቼ ነው የማስቀምጣችሁ።»

ሁለቱም አንገታቸውን ቀበሩ። ትርሲት የልጅ ልጃቸው ልትሆን ምንም አልቀራትም፤ ግን ይፈሯታል።

ወርቄ ሰናይትን የወለደችው አንኮበር፣ እናቷ ቤት ነው። በአገሯ ወግ ሴት የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ዘንድ ሄዳ ትወልዳለች፤ አራስነቷን ጨርሳ ወደ ባሏ ትመለሳለች። የወርቄ እናት ግን ልጅቷ ክርስትና ትነሳ፣ ክረምቱ ይውጣ፣ መኸሩ ይግባ እያሉ አቆዩአት። በባሏ ቤት ቅሬታ ገባ። ያን ጊዜ አባቷ ሦስት ሽማግሌ አስቀድመው ሰደዱ። ሽማግሌዎቹ የባሏ ቤት ገብተው፣ ተቀመጡ ሲባሉ አንቀመጥም ብለው፣ «ያቆየናት እኛ ነን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ተቀበሉልን» አሉ። «ይሁን» እስኪባሉ ድረስ ወንበር አልነኩም። ወርቄ ሕፃኗን አዝላ ከበር ውጭ ቆማ ነበር። «ይሁን» ሲባል በጆሮዋ ሰማች፤ ያን ጊዜ ነው ደፍራ የገባችው።

ይህንኑ ለባዩሽ በሹክሹክታ አወራቻት።

«ታዲያ ሽማግሌ ላኪያ» አለች ባዩሽ ለቀልድ።

«ለማን? ለካናዳ?»

ባዩሽ እርሳሷን አስቀመጠች። ዓይኗ ፈጠጠ። «ካናዳማ እኔ ግቢ ተከራይቶ ተቀምጦ የለም እንዴ!»

«ማን?»

«ፒተር! በግ የሚያጠናው ፈረንጅ! ካናዳዊ ነው እኮ!»

ትርሲት ባዩሽን ከፊት፣ ወርቄን ከኋላ አስቀመጠቻቸው። ግን ነገሩ ያለቀው በዚያች ቅጽበት ነው።

ወርቄ ለሰናይት አልነገረቻትም። ብትነግራት እንደምትከለክላት ታውቃለች። ለሟቹ ባሏ ታላቅ ወንድም ለጋሽ ወልደአረጋይ ወደ አንኮበር ደወለች። ጋሽ ወልደአረጋይ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ፈረንጁ የዚያው የካናዳ ሰው ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁ። «የአገሩ ሰው ነው» አለች። «እንግዲያው ምን ችግር አለ፤ እመጣለሁ» አሉ። እሳቸው አሊዩ አምባ ለሚኖሩት ወዳጃቸው ለሐጂ ኑርሁሴን ደወሉ። ሦስተኛው እዚያው ደብረ ብርሃን የሚኖሩት ጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ አቶ ማኅደረማርያም ሆኑ። ነገር ሲያሳምሩ የሚያህላቸው የለም፤ ሲያስረዝሙም እንደዚያው።

እሁድ ከቀትር በኋላ ሦስቱ ባዩሽ ግቢ ደረሱ። ጋሽ ወልደአረጋይ ከአንኮበር አንድ ሙክት አስጭነው መጥተዋል። ሐጂ ኑርሁሴን አንድ ዘንቢል ሎሚ ይዘዋል። አቶ ማኅደረማርያም ከረባት አስረዋል። ሴት ከሽማግሌ ጋር አትገባምና ወርቄ ነጠላዋን አጣፍታ ከፒተር በር ጎን፣ መስኮቱ ሥር ቆመች። ባዩሽም «እኔማ ባለቤት ነኝ» ብላ አጠገቧ ቆመች።

ፒተር ቧንቧው ሥር ካልሲውን ያጥባል። ረጅም፣ ጺማም፣ የበግ እረኞች እንደሚለብሱት ዓይነት ወፍራም ጋቢ የተከናነበ ሰው ነው። አማርኛውን የተማረው ከመንዝና ከጣርማ በር በግ አርቢዎች ስለሆነ፣ ከከተማ ልጆች ይልቅ የገጠር ሽማግሌ ቃና አለው።

«ይግቡ፣ ይግቡ» አለ እጁን እያራገፈ። አስገባቸውና ወንበሮቹን ደረደረ። «ይቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ወልደአረጋይ።

ፒተር ወንበሮቹን ቆጠረ። «ወንበር አነሰ?»

«ወንበር አላነሰም። ጉዳይ አለን።»

ሦስቱ በረድፍ ቆሙ። ጋሽ ወልደአረጋይ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛ የልጅቷ ወገን ነን። ልጃችን ከቤትህ ለአንድ ወር ብላ ወጥታ ዓመታት ቆየች። አኩርፋ አይደለም። ቤትህን ንቃም አይደለም። ያቆየናት እኛ ነን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ተቀበልልን።»

ፒተር ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ። «ከእኔ ቤት?» አለ። «እኔ ቤት ሴት የለም! እትዬ ባዩሽን ጠይቁ! አንድም ቀን ሴት አልመጣችም!»

መስኮቱ ሥር ባዩሽ አፏን በነጠላዋ ወትፋ ተንበረከከች።

«ከአገርዎ ማለታቸው ነው» አሉ አቶ ማኅደረማርያም ከረባታቸውን አስተካክለው። «ወይዘሮ ሰናይት የካናዳ ነዋሪ ነች። ከተወሰነላት ጊዜ በላይ ስለቆየች፣ ስትመለስ መግቢያው ላይ ቅሬታ እንዳይኖር የእርስዎን ይሁንታ ለመጠየቅ ነው የመጣነው።»

ፒተር ሦስቱን አንድ በአንድ አያቸው። «እኔ እኮ መንግሥት አይደለሁም» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ በግ ነው የማጠናው።»

«መንግሥትማ እዚህ ሰፈር ተከራይቶ ቢሆን እሱ ዘንድ እንሄድ ነበር» አሉ ሐጂ ኑርሁሴን። «ያገኘነው አንተን ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አግኝተናል።»

«ከተማዬም ሌላ ነው። ሃሊፋክስ። ከኤድመንተን በጣም ይርቃል። ከዚህ ግብፅ ቢሄዱ ይቀርባል።»

«የአንድ ቤት ሰው ጓዳና ሳሎን ቢለያይ ምን ይሆናል?» አሉ ጋሽ ወልደአረጋይ። «በጉንም ይዘናል።»

ሙክቱ ያን ጊዜ በበሩ ገባ። ማንም አልጎተተውም፤ ገመዱ ተፈትቶ ነው። ፒተር መልስ የሚሰጥበትን ረስቶ ወደ በጉ ጎንበስ አለ። ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ጥርሱን አየ፤ ጀርባውን በጣቶቹ ጫን ጫን አደረገ።

«ይህ የየት በግ ነው? እናቱ መንታ ነው የምትወልደው?»

«መንታ ነው» አሉ ጋሽ ወልደአረጋይ ደረታቸውን ነፍተው። «እናቷም መንታ ትወልድ ነበር።»

«እጅግ መልካም በግ ነው።» ፒተር ቀና አለ። ከዚያ ትዝ አለውና ፊቱ ተለወጠ። «ግን መቀበል አልችልም። ሥራዬ ስጦታ አይፈቅድም።»

ጋሽ ወልደአረጋይ ከዘራቸውን አጥብቀው ያዙ። ሐጂ ኑርሁሴን መሬት መሬት አዩ። ወርቄ መስኮቱ ሥር «አለቀ፣ ልጄን መለሷት» አለች በሆዷ።

ባዩሽ መታገሥ አቃታት። ራሷን በመስኮቱ ከተተች። «ፒተርዬ! በጉን አልቀበልም ማለት እኮ ልጅቷን አትግባ ማለት ነው!»

«አይ!» አለ ፒተር ሁለት እጁን አንስቶ። «አይ አይ! ትግባ!»

«እንግዲያው በጉን ተቀበልና 'ይሁን' በል!»

«ይሁን!»

ሦስቱ ሽማግሌዎች አንድ ላይ ተቀመጡ። ከጉልበታቸው ይሁን ከወንበሮቹ፣ የሆነ ነገር ረጅም ድምፅ አወጣ። ወርቄ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

ስትገልጥ ሰናይት ፊቷ ቆማ ነበር፤ ፋሲካን አቅፋ፣ ከኋላዋ ዘውዴ ሳቁን ለመደበቅ ሰማይ ሰማይ እያየ።

«እማዬ፣ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ? ዘውዴ ጋሽ ወልደአረጋይን በግ ይዘው ሲያልፉ አየሁ አለኝ…» በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየች። ከረባቱን አየች። በጉን አየች። «አላደረግሽውም! እማዬ፣ አላደረግሽውም በይኝ!»

«ይሁን ብሏል» አለች ወርቄ።

ሰናይት በኀፍረት ፊቷን በፋሲካ ጀርባ ሸፍና ገባች። ፒተርን በእንግሊዝኛ ብዙ ይቅርታ ጠየቀችው። እሱ ግን በአማርኛ «ችግር የለም፣ ታርቀናል» አላት። ሽማግሌዎቹ በጣም ደስ አላቸው።

ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ጋሽ ወልደአረጋይ ግን ከተቀመጡ በኋላ ቶሎ የሚነሱ ሰው አይደሉም።

«እንግዲህ ቤተሰብ ሆነናልና ልጠይቅህ» አሉት። «አንተስ ከአገርህ ከወጣህ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ሰባት ዓመት።»

«ለስንት ጊዜ ብለህ ነበር የመጣኸው?»

ፒተር ጺሙን አሻሸ። «ለስምንት ወር።»

ሐጂ ኑርሁሴን ሳቁ። ሁሉም ሳቀ። «ታዲያ ለምን ቆየህ?» አሉት።

ፒተር ለመሳቅ ሞከረና ተወው። ወርቄ በሩ ላይ ቆማ ፊቱን አየች። ያን ፊት ታውቀዋለች፤ ጎመን ይዛ ጓዳ የቆመችው እሷ ነበረች።

«መጀመሪያ ጥናቱ አላለቀም» አለ ፒተር። «ከዚያ በጎቹ ሊወልዱ ደረሱ። ከዚያ በወረርሽኙ ጊዜ አውሮፕላን ቆመ። ከዚያ አንድ ጥሩ አውራ በግ አገኘን። ከዚያ… አላውቅም። አንድም ቀን 'እቀራለሁ' አላልኩም። እናቴም ይህንኑ ትጠይቀኛለች። እስካሁን አልመለስኩላትም።»

«እናት አለህ?» አለች ወርቄ።

ወግ አፍርሳ ገብታ እንደነበር ያወቀችው ሁሉም ዞረው ሲያዩአት ነው። ግን ከገባች ገባች።

«አለችኝ። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው።»

«መቼ ደወልክላት?»

ፒተር ጣሪያውን አየ። «ገና… በፈረንጆች ገና።»

«የዘንድሮው?»

ፒተር ወደ በጉ ዞረ።

«ደውል» አለች ወርቄ። «አሁን ደውል። አሁን እዚያ ጠዋት ነው አይደል ሰናይት? ጠዋት ነው። ደውል ልጄ፣ ደውልላት።»

ደወለ። ስልኩ ውስጥ ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ መነጽራቸውን የሚፈልጉ አሮጊት ታዩ። ልጃቸውን አይተው ጮኹ። ከዚያ ከጀርባው የቆመውን ሕዝብ አይተው ወደ ስልኩ ተጠጉ። ከመሃል በጉ ጮኸ።

ያን ጊዜ ጋሽ ወልደአረጋይ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። ሐጂ ኑርሁሴን ተነሱ። አቶ ማኅደረማርያም ከረባታቸውን ይዘው ተነሱ። ሦስቱም በስልኩ ፊት በረድፍ ቆሙ።

«ንገርልኝ» አሉ ጋሽ ወልደአረጋይ ፒተርን። «እመቤት፣ ልጅዎ ለስምንት ወር ብሎ ወጥቶ ሰባት ዓመት ቆይቷል። እናትን ንቆ አይደለም። ያቆየነው እኛ ነን። በጎቻችንም አሉበት። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅር ይበሉን።»

ፒተር መተርጎም ጀመረ፤ መሃል ላይ ድምፁ ተቆረጠ። ሰናይት ቀጠለችለት። በእንግሊዝኛ ስትናገር ድምፏ መጀመሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ «ያቆየነው እኛ ነን» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ቀጥ ብሎ ወጣ። አሮጊቷ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩና ሳቁ፤ እየሳቁም ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ምን አለች?» አለች ወርቄ። «ምን አለች ሰናይት?»

«'ከስቷል፣ አብሉት' አለች።»

«ይሁን ብላለች በያቸው» አለች ባዩሽ። «እናት አብሉት ካለች ይሁን ማለቷ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ወርቄ ደግሞ ልጇን አየች። ሰናይት ፋሲካን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ከብዙ ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ወርዶ ነበር።

ሙክቱን ባዩሽ ግቢ በሚቀጥለው እሁድ በሰናይት መሸኛ አረዱት። ፒተር ጥርሱን ለጥናት ወሰደ።

ዘውዴ ሰናይትን እስከ ቦሌ ሸኝቷት ተመለሰ። አውሮፕላኑ ሌሊቱን በርሮ በእነሱ ጠዋት፣ በእኛ ከሰዓት በኋላ እንደሚያርፍ ሰናይት ነግራቸው ነበር። በዚያን ቀን ወርቄ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ትርሲት ግን ተማሪዎቿን ይዛ እሷ ቤት መጣች። «ዛሬ እዚህ ነው ትምህርቱ» አለች። እንዲህ ብትልም ማንም ደብተር አላወጣም። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ዙሪያውን ሴቶቹ፣ ዘውዴና ፋሲካ ተቀመጡ። ፒተርም በጎቹን ለሰው ትቶ መጥቶ በሩ ጋ ቆመ።

ሰዓቱ ደረሰ። ሰዓቱ አለፈ። ዘውዴ ቆመ፣ ተቀመጠ፣ ቆመ። ወርቄ ባዶ ድስት ላይ ክዳን ስትገጥምና ስታነሳ ባዩሽ ክዳኑን ቀማቻት።

ስልኩ ጮኸ። ጥሪ አልነበረም፤ መልእክት ነው። ዘውዴ እጁን ሲዘረጋ ወርቄ «ተው» አለችው። ማንም አንብቦ እንዲነግራት አልፈለገችም። የሰው ፊት ማየት ፈራች። ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ፊደሎቹን በጣቷ ተከተለች።

«ገ» አለች። «ብ… ገብ…»

ፋሲካ ጠረጴዛው ላይ ተንጠራራች።

«ገብ… ቻ… ገብቻ…»

ባዩሽ ልትጨርስላት አፏን ስትከፍት ትርሲት ክንዷን ቆነጠጠቻት።

«ገብቻለሁ» አለች ወርቄ። «ገብቻለሁ! ገብቻለሁ እማዬ ነው የሚለው!»

እልልታው እስከ ዋናው መንገድ ተሰማ ይባላል። ዘውዴ ፋሲካን ወደ ላይ ወርውሮ ቀለባት። ፒተር በማያውቀው ጭፈራ መሃል ገብቶ ትከሻውን ሲሰብቅ፣ ትርሲት ሳቋ መጥቶ ግድግዳ ያዘች።

ትንሽ ቆይቶ ሰናይት ደወለች። ከኤርፖርቱ ነበር፤ ከጀርባዋ የሰውና የሻንጣ ድምፅ ይሰማል።

«ጠየቁሽ?» አለች ወርቄ ሰላምታም ሳታስቀድም።

«ጠየቁኝ። አንዲት ሴት ናት። 'ለምን ይህን ያህል ቆየሽ?' አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«እውነቱን አንድ በአንድ ነገርኳት። ወንድሜ አገባ፣ እናቴ ታመመች፣ መንገድ ተዘጋ፣ እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ። አንዱንም አላሳመርኩም። የሆስፒታል ወረቀትሽን አየች፣ የፋሲካን ፎቶ አየች። ከዚያ 'እዚያ ልትቀሪ አስበሽ ነበር?' አለችኝ። 'አንድም ቀን እቀራለሁ አላልኩም፤ የሚወዱኝ ሰዎች አቆዩኝ፤ አሁን ራሳቸው ሸኝተው ላኩኝ' አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አንድ ክፍል አስቀምጣኝ ሄደች። ብዙ ቆየች እማዬ። ጎመን ይዘሽ ጓዳ የገባሽበት ቀን ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ተመልሳ መጣች፣ ወረቀቴን ሰጠችኝ፣ ሁለተኛ እንዲህ እንዳልቆይ አስጠነቀቀችኝ። ከዚያ 'እንኳን ደህና ተመለስሽ' አለችኝ።»

ወርቄ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። «በአፏ? እንዲህ ብላ በአፏ?»

«በአፏ እማዬ።»

«እግዜር ይስጣት። እናቷን ያቆይላት። ስሟን ጠይቀሻል?»

«እማዬ፣ የድንበር ሰው ስም አይጠየቅም።»

«ለጸሎት ነው እንጂ ለሌላ ነው?» አለች ወርቄ፤ ከዚያ ማልቀስ ስለጀመረች ስልኩን ለፋሲካ ሰጠቻት። ፋሲካም «እማዬ፣ አያቴ አንብባለች፣ ግን ቀስ ብላ ነው» ብላ ተናገረች።

የዘውዴና የፋሲካ ወረቀት ለማለቅ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ፈጀ። በሁለተኛው ጥር በጥምቀት ማግስት ሄዱ፤ ሰናይትም ኤድመንተን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጋቢ ይዛ ጠበቀቻቸው። ፒተር ለፈረንጆች ገና እናቱ ዘንድ ሄዶ ወር ቆይቶ ተመለሰ፤ አሁንም ባዩሽ ግቢ ነው። ወርቄ ደብረ ብርሃን ቀረች።